ማስተካከያ፦ ጋላክቲዮን እና ቲትሲያን ታቢድዜ ወንድማማቾች አይደሉም

ሰሞኑን ስለ ጆርጂያ ገጣሚዎች ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ፣ ጋላክቲዮን «ሰማያዊ ቀንዶች» የተባለው የገጣሚዎች ቡድን መሪ እንደነበረና ወንድሙ ቲትሲያን እንደወረሰው ይናገራል። መታረም አለበት።

ሁለቱ የአጎት ልጆች ናቸው። በ1916 እ.ኤ.አ. በጆርጂያዋ ኩታይሲ ከተማ መጽሔት ያወጣው ቡድን የነፓኦሎ ያሽቪሊና የቲትሲያን ነው፤ ጋላክቲዮን አባሉ አልነበረም፣ የሄደው በራሱ መንገድ ነው። ግጥሙን ያነበበ ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። በአንድ ታዋቂ ግጥሙ መክፈቻ «ነፋሱ ይነፍሳል» የሚለውን ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፤ ቃሉ ራሱ እንደ ነፋስ እየተመላለሰ ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ይህን ዜማ ከማንም ቡድን አልተቀበለም።

ውርስ ካልን፣ ታላቁ የጆርጂያ ገጣሚ አካኪ ጸረቴሊ በ1915 ካረፈ በኋላ ሕዝቡ በልቡ የያዘው ገጣሚ ጋላክቲዮን ነው ቢባል ያስኬዳል። ይህ ግን ማንም የሾመው ሹመት አይደለም፤ አንባቢ በቃሉ እየያዘው የመጣ ነው።

ቲትሲያን ሊወርሰው ቀርቶ ቀድሞት ሞቷል። በስታሊን የሽብር ዘመን ያሽቪሊ በሐምሌ 1937 ራሱን ገደለ፤ ቲትሲያን በዚያው ዓመት ታስሮ ተረሸነ፤ ቤተሰቡ እርግጡን የሰማው በ1950ዎቹ ነው። ጋላክቲዮንም ባለቤቱ ኦልጋ ኦኩጃቫ በ1941 ተረሽናበታለች። እሱ ራሱ በ1959 ከሆስፒታል መስኮት ወድቆ ሞተ። ይህን ሁሉ የቤተሰብ የዙፋን ሽኩቻ አስመስሎ ማቅረብ ሙታኑን መበደል ነው።