የድሮን መዝገብ ሲጋጭ፦ እናርመው ወይስ እንደገና እናብር?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደሴ ዙሪያ ያለ የእርከን ዳገት በድሮን ፎቶ ተነሳ። የበረራው መዝገብ ግን እርስ በርሱ አልተስማማም። ድሮኑ ከተነሳበት የወጣውን ከፍታ ባሮሜትሩ 100 ሜትር ሲል ጂፒኤሱ 107 ይላል። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሰዓትም ከፋይሉ ጋር አይገጥምም። አንድ አንጋፋ የደሴ ቀያሽ እና አንዲት የኮምቦልቻ የመረጃ ባለሙያ ተከራክረውበታል። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ፤ የእሳቸው የመጨረሻ ነጥብ ግን በቀላሉ አይታለፍም።

ቀያሹ፦ በአጭሩ ልናገር። የተጋጨ መዝገብ ምስክር አይሆንም። ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት መለኪያውን) ተሸክመን ዳገት ወጥተን ትራቨርሱ፣ ማለትም ከነጥብ ወደ ነጥብ እየለካን የሄድንበት መስመር፣ መጨረሻው ከሚታወቀው ነጥብ ጋር አልዘጋ ካለ፣ ተመልሰን እንለካለን። ድሮንማ ባትሪ ቀይሮ ማስነሳት ነው። መሬቱ የገበሬ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር መነካካት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ትራቨርሱ በትንሹ ሲስትስ ስህተቱን በየነጥቡ ታከፋፍሉት የለም እንዴ? እሱም ማረም ነው። ደግሞ በዚያው ሰዓት መቶ ጊዜ ቢያበሩት ያው 7 ሜትር ይመጣል። ባሮሜትር የሚለካው የአየር ግፊት ነው፤ ወደ ሜትር የሚቀይረው ቀመር ነው። የተለመደው ቀመር ባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ይልና በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 2,500 ሜትር አካባቢ ያለችው ደሴ ከዜሮ በታች መሆን አለባት! እኛ ግን ያበረርነው 20 ዲግሪ ላይ ነው። ሞቃት አየር ይሳሳል፣ ሽቅብ ሲወጡ ግፊቱ ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው። ሶፍትዌሩ የሙቀቱን ልዩነት ካላሰበ፣ ድሮኑ 107 ሜትር ወጥቶ «100 ወጣሁ» ይላል።

ሰዓቱማ አብሽር ነው። ደብተሩ «ቀን 8፡00» ይላል፤ ፋይሉ 11፡00። የእኛ 8 ሰዓት በፈረንጅ 14፡00 ነው፤ ፋይሉ የሚጽፈው ደግሞ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የሚያስፈራኝ ትንሿ ልዩነት ናት። የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ 18 ሰከንድ ይቀድማል። ድሮኑ በሰከንድ 10 ሜትር ከበረረና ፎቶውን በሰዓት ከመዝገቡ ጋር ካጣመርነው፣ እርከኑ 180 ሜትር ተንሸራቶ ይገኛል።

ቀያሹ፦ ይሁን፤ ምክንያቱ በታወቀ ልዩነት አልጣላሽም። ከአሮጌው ካርታ ጋር ወደ 200 ሜትር የተፈናቀለውንስ?

ባለሙያዋ፦ ካርታው አዲንዳን በሚባለው አሮጌ የቦታ መለኪያ መነሻ ነው የተሠራው፣ ድሮኑ የሚጠቀመው ግን የጂፒኤሱን፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። ማስማሚያው የታወቀ ስሌት ነው፤ መብረር አያስፈልገውም።

ቀያሹ፦ እሺ ልጄ፣ ይኸንንስ? ጦሳ ተራራ ግርጌ ስንገባ ተራራው ግማሽ ሰማይ ይጋርዳል። የሚታዩት ሳተላይቶች ያንሳሉ፣ ምልክቱም ገደል እየመታ ይመጣል። መዝገቡ ላይ ድሮኑ ድንገት ዘሎ ይመለሳል። እናንተ መስመሩን ታለሰልሱትና የተለካ ይመስላል። እኔ ይኸን ነው የምቃወመው!

ባለሙያዋ፦ እሱን እኔም አላለሰልስም። መጀመሪያ የድሮኑን የእንቅስቃሴ ለውጥ የሚለካውን አክስለሮሜትር አያለሁ። እሱ ጸጥ ብሎ ጂፒኤሱ ብቻ ከዘለለ፣ ድሮኑ ከበረራ መስመሩ አልወጣም። ሁለቱም አብረው ከተናወጡ ግን በተሳሳተ ጂፒኤስ ተመርቶ እውነትም ፈቀቅ ብሏል። በመሬት ጣቢያው (ከምድር ሆነን ድሮኑን በሬዲዮ በምንከታተልበት) ላይ የቀረውንና ድሮኑ ራሱ የያዘውን መዝገብም አስተያያለሁ። ድሮኑ ከኮረብታ ጀርባ ሲሆን ሬዲዮው ይቋረጥና የጣቢያው መዝገብ ክፍተት ያሳያል፤ በረራው ግን አልተቋረጠም። ዋናውን ፋይል አልነካም፤ የምሠራው በቅጂው ነው።

ቀያሹ፦ እውነትም ፈቀቅ ካለ ያ ቦታ ፎቶ የለውም። ምን ታደርጊያለሽ?

ባለሙያዋ፦ ያን ቁራጭ እደግመዋለሁ። ዳገቱን በሙሉ ግን አልደግምም።

ቀያሹ፦ መድገም ካመጣሽ ተቀራርበናል። እኔ ግን መሬት ላይ ምልክት ተክዬ በቶታል ስቴሽን እለካለሁ፤ በማረሚያሽ ውስጥ አታስገቢያቸውም፣ ለማመሳከሪያ ብቻ ናቸው። ያረምሽው ከነሱ ጋር ካልገጠመ ማብራሪያሽን አልሰማም፤ ባትሪሽን ቻርጅ አድርገሽ ነይ።