የሕግ ተማሪው የሚከራከረው በየትኛው ቋንቋ ነው?

ሰሞኑን አንድ የሕግ መምህር በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁ፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። የሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ይቀጥል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ አማርኛ ለሕግ የሚሆን በቂ ቃል የለውም አሉ።

ቃል የለውም? ታዲያ ይርጋ (የክስ መብት የሚቀርበት የጊዜ ገደብ) ምንድን ነው? አላባስ (በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም መብት)? ወለድ አገድስ (አበዳሪው በወለድ ፈንታ በመያዣው የሚጠቀምበት ውል)? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ እኮ 3367ቱም አንቀጾች በአማርኛ ታትመዋል። ረቂቁ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ተርጓሚዎች ቃል ቸገረን ብለው አልተቀመጡም። ቃሉማ አለ፤ ክፍል ውስጥ የሚያነሳው ነው የጠፋው።

ደግሞ እኮ ሕጉ ራሱ መልሶታል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የድሮዎቹንም ሕጎች ቢሆን ችሎት ላይ የምናነበው በአማርኛ ነው። ልዩነቱ ደግሞ የነጠላ ሰረዝ አይደለም። የቤት ሽያጭ ውልን የሚመለከተውን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1723 ውሰዱ፦ እንግሊዝኛው ውሉ ፍርድ ቤት ወይም ኖተሪ (ውል አረጋጋጭ) ዘንድ ይመዝገብ ይላል፣ አማርኛው ግን በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ይደረግ ነው የሚለው። በዚህች ልዩነት ሰው ቤቱን ያጣል። ተማሪው ግን 5 ዓመት ሙሉ የማይጸናውን ቅጂ ሲያጠና ይከርማል፣ የመውጫ ፈተናውንም በዚያው ይፈተናል፣ ከዚያ ሂድና ተከራከር ይባላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሥር ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድዱ ውሳኔዎች በአማርኛ ታትመው ይወጣሉ፤ የማስተርስ ተማሪው እነሱን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ መመረቂያ ይጽፍባቸዋል፣ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ለማን ተብሎ?

የጓደኛዬ ልጅ በጥሩ ውጤት የተመረቀ ጎበዝ ልጅ ነው። አንዲት የኪራይ ክስ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ወደሚቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ ይዤው ሄድኩ። አባባ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሣሽ፣ ተከሣሽ፣ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት እያሉ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ጨረሱት። ልጁ ቆሞ ያያል። እኔ በእሱ አላፈርኩም፤ ያፈርኩት 5 ዓመቱን በወሰዱበት ሰዎች ነው።

በ1956 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ዲኑ አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ብዙዎቹ መምህራንም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ያኔ በእንግሊዝኛ መማር ግድ ነበር። ዛሬስ? መምህሩም ተማሪውም የአገር ልጆች ናቸው።

ለዓለም አቀፍ ውልና ግልግል እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፣ እሺ። እንደ አንድ ትምህርት በደንብ ይሰጥ። ግን ከመቶ ተመራቂ ስንቱ ነው እዚያ የሚደርሰው? አብዛኛው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው የሚቆመው፣ እዚያ ደግሞ ባለጉዳይዋ ጠበቃዬ ምን አለ ብላ ትጠይቃለች።

ሥርዓተ ትምህርቱን የምትከልሱ ሰዎች፣ ቢያንስ ከሥነ ሥርዓት ሕጎቹና ከሕግ አጻጻፍ ጀምሩ። ፌዴራል ፍርድ ቤት ለሚሄደው በአማርኛ፣ ኦሮሚያ ለሚሠራው በኦሮምኛ፣ ትግራይ ለሚሠራው በትግርኛ። ምስለ ችሎቱም (የተማሪዎች የክርክር ልምምድ) እንዲሁ። ልጆቹ «ክቡር ፍርድ ቤት» ብለው መጀመርን እዚያው ግቢ ውስጥ ይልመዱት።