ስህተቱ የሚጀምረው ከኦቶክሌቩ በፊት ነው

ያነበብኩት ጽሑፍ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ሳይሟሉ ወይም በደንብ ሳይጸዱ ለሐኪሙ የሚቀርቡት በማምከኛ ክፍል (መሣሪያዎች ከተሕዋስያን ነጻ በሚደረጉበት ክፍል) ሠራተኞች ቸልተኝነት እንደሆነ አድርጎ ማቅረቡ የችግሩን ግማሽ ብቻ የሚያሳይ ይመስለኛል። በዚህ ሥራ ለዓመታት ስቆይ እንደታዘብኩት፣ ጣጣው የሚጀምረው ቀዶ ሕክምናው እንዳበቃ መሣሪያው በደም እንደተለወሰ ለሰዓታት ሲቀመጥ ነው። በመቆንጠጫው መጋጠሚያ ውስጥ የደረቀ ደም በብሩሽ ተፈግፍጎ ካልወጣ፣ ዕቃው በኦቶክሌቩ፣ ማለትም በእንፋሎት በሚያመክነው ማሽን፣ በ134 ዲግሪ ሴልሺየስ እንፋሎት ውስጥ ቢያልፍም እንፋሎቱ ከደሙ ሥር ያለውን ብረት አያገኘውም፤ ያልጸዳ መሣሪያ ደግሞ መከነ ሊባል አይችልም። መቀሶችና መቆንጠጫዎች አፋቸው ተከፍቶ መደርደር ያለባቸውም ለዚሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቀው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የማምከን አመልካቹ (ማምከኑ በትክክል መከናወኑን የሚያሳየው ምልክት) ውጤት መታየቱን ይጠይቃል። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ታካሚው ሰመመን ወስዶ ከተኛ በኋላ የሚገኝ ጉድለት እጅግ ዘግይቷል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ዝርዝር ከፎቶግራፍ ጋር በማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ሊኖር፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚመጣው ቅሬታም በወሩ መጨረሻ በሪፖርት ሳይሆን በዚያው ዕለት ሳጥኑን ላዘጋጀው ሠራተኛ ያለ ወቀሳ ሊደርሰው ይገባል።