ዘራፍ ለሣጥን ወፍ

ሰሞኑን ደግሞ የወፍ አደኑ ጀመረ። አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ ያለን ሐበሾች እናውቀዋለን፤ የኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ሲደርስ ግዛቱ በሙሉ ጀግና ይሆናል። ሥራ ቦታ ስልኩን አፍንጫችሁ ሥር ይደቅናል፦ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ውሻ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ባለ ረጅም ጭራ ፌዛንት። የቆቅ ዘመድ ነው።

አንዱ ባለፈው ሳምንት «የዱር ነው!» አለኝ። እንዴታ! ከፍሎ የገባበት የግል ማደኛ ወፉን ከማርቢያ በሣጥን አስጭኖ፣ ጠዋት ሣር ውስጥ ለቆለታል። ወፉ ከጫጩትነቱ መኖ ያቀረበለት ሰው ነውና፣ ሰው ሲመጣ ምሳ የመጣ ይመስለዋል። ጀግናችን ግን አልተዘናጋም። ውሻው አንገት ላይ የሳተላይት መከታተያ፣ እሾህ የማይበሳው ሱሪ፣ ትርፍ ጠመንጃ፣ መንገድ መሪ፣ ትኩስ ቡና። ወፉ እንዲበር እንኳ ውሻው መገፍተር ነበረበት አሉ። አባቶቻችን ጎሽና ዝሆን ጥለው ቅቤ ተቀቡ፤ ለዚህ ቅቤ ቢያንስበት እንጂ አይበዛበትም። ፉከራም ገጠምኩለት፦

ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
ጠዋት ከሣጥኑ ሲያወጡለት ቆሞ፣
እኩለ ቀን ጣለው በጥይት አጋድሞ!

በሣጥን ካልመጣ ደግሞ በግል ማደኛ ኦክቶበርን ሳይጠብቁ ሴፕቴምበር ገብቶ እስከ ማርች ማለቂያ እንዴት ይተኮሳል? ከጥይት የተረፈውም ዱር መኖር ያስተማረው የለምና ብዙ አይቆይም።

እውነተኛው የዱር ፌዛንት ሌላ ነው። እንስቷ መሬት ላይ፣ ሣር መሀል ደርዘን ያህል እንቁላል ጥላ 23 ቀን ገደማ ብቻዋን ትታቀፋለች። ክረምቱን በረዶ ሲያለብሰው ፊላ ውስጥ ትሸሸጋለች። አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን አያዩም።

እዚህ ላይ ሳቄ ያልቃል። ያን ሣር ገልብጦ በቆሎ የዘራበት ማነው? ፊላ የበቀለበትን ረግረግ ያደረቀው፣ ጫጩት ሳይፈለፈል የመንገድ ዳሩን ያጨደው ማነው? ሰው ነው! በገዛ እጁ! ወፉ ሲያንስ ግን ጣቱን የሚቀስረው እንቁላል ወደሚሰርቀው አውሬ፣ ወደ ራኩን ነው።

ፌዛንቱ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከሻንጋይ በመርከብ ኦሪገን የገባ እንግዳ ነው፤ በ1943 የሳውዝ ዳኮታ ወፍ ተብሎ ተሾመ። ይሹሙት፣ ያምርበታል። የአገሩ ተወላጅ ራኩን ግን በ2019 ጎጆ በማፍረስ ተከሶ፣ ገድሎ ጅራቱን ላመጣ ሰው ከግዛቱ 10 ዶላር ተቆረጠለት። ስካንክ የሚሉት ግማታም አውሬና ቀበሮም አልቀሩም። ትራክተር ጅራት ቢኖረው ስንት ባወጣ ነበር!