ክብር ለፒያሳ ጄኔራሎች

ማክሰኞ ጠዋት ደሴ ፒያሳ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ አንዱ ትከሻዬን መታ አደረገና "አብሽር! ዛሬ 1 ሺህ ጥለናቸዋል" አለኝ። ደነገጥኩ። እኛ ማን ነን? የጣልነውስ ማንን? ለካ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ነው። ሰውዬው ራቅ ብሎ ሄደ ከተባለ ኮምቦልቻ ነው።

የሰው አገር ጦርነት ከሻይ ወንበራቸው ሆነው የሚመሩትን እነዚህን የፒያሳ ጄኔራሎች ታውቋቸዋላችሁ፣ የሌሉበት ሻይ ቤት የለም። እስከ ዛሬ አምተናቸዋል፣ ዛሬ ግን ላመስግናቸው።

በመጀመሪያ ሂሳባቸው ይደነቅልኝ። ጠዋት ቴሌግራም ላይ 1 ሺህ የነበረው ሟች ለአቦል 2 ሺህ ይሆናል፣ ለቶና 5 ሺህ፣ በረካ ሲቀዳ ክፍለ ጦሩ በሙሉ አልቋል። "የኛ" በሚሉት ወገን ግን የሚሞት የለም። የዩክሬኑ ፕሬዝዳንት ዘለንስኪ ኅዳር 2017 ላይ 43 ሺህ ወታደር ሞቶብናል ሲሉ ፒያሳ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "አምስት እጥፍ ነው" አለ፣ ግማሹ "እርዳታ ፈልገው ነው እንጂ ማን ሞተ?" አለ።

እኔን የማረከኝ ግን የመርከቧ ጉዳይ ነው። ሞስክቫ የምትባለው የሩሲያ የጦር መርከብ ሚያዝያ 2014 ጥቁር ባሕር ላይ ሰጠመች። ዩክሬን በሁለት ኔፕቱን ሚሳኤል መታኋት አለች። ሩሲያ የለም፣ እሳት ተነስቶ ጥይት ፈነዳ፣ ስትጎተት ማዕበል መጣ አለች። ፒያሳ ላይ ይቺ መርከብ እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ትሰጥማለች። ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሳፈር ዓይኑን የሚጨፍነው ጄኔራላችን "ሆን ብለው ነው ያሰጠሟት" ይላል። ለምን? ከሥር ሆና ልትሰልል። ሁለተኛው በተግባር ያስረዳል። ሻይው ጥቁር ባሕር፣ ማንኪያው ሚሳኤል፣ ብስኩቱ መርከብ። ብስኩቱን ነከረው፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ብስኩቱ ተቆርሶ ገባ። "አያችሁ? እሳት የታለ?" አለ። ሌላ ብስኩት አዘዘ፣ ያኛው ከንፋሱ አቅጣጫ አንጻር አልተስተካከለም ነበርና። ሦስተኛው ደግሞ መርከቧ አልሰጠመችም፣ ቀለም ቀይረዋት ነው ይላል። ማስረጃው? የአጎቱ ልጅ ጅቡቲ ወደብ ላይ አይቷታል። የሰጠመው ማንኛው ብስኩት እንደሆነ ሳይለይ ረፋድ ሆነ።

ውስጧ የነበሩትን ልጆች ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። ሩሲያ መጀመሪያ ሁሉም ወጥተዋል አለች። ከሳምንት በኋላ አንድ ሞቷል፣ 27 ጠፍተዋል ብላ አረመች።

"ጠፍተዋል።" ይቺን ቃል ለወሎ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል? ጥቅምት 2014 ፍራሽ ተሸክመን፣ ሕፃን አዝለን፣ በኮምቦልቻ መንገድ የወረድነው እኛው አይደለን? ለቅሶ ትቀመጥ ወይስ በሰላም ይመለስ ብላ ሰደቃ ታውጣ ግራ የገባት እናት እኮ የምትኖረው ከዚሁ ሻይ ቤት ጀርባ ነው! ያኔ የኛ መከራ ሌላ ሰው ሻይ ቤት ውስጥ እንደ ጎል ሲቆጠር ቢሰማ ኖሮ ብርጭቆ አንወረውርም ነበር? የሰው ልጅ ሬሳ ላይ ማኪያቶ መጋበዝ ምን የሚሉት ነው? ነውር ነው! ነውር!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ቋንቋችንን ስላበለጸጉልንም ይመስገኑ። ሩሲያ ጥቁር ባሕር ላይ ከያዘችው ከእባብ ደሴት ስትወጣ "የበጎ ፈቃድ ምልክት" ነው። ዩክሬን ከአቭዲቭካ ከተማ ስትወጣ "ወደ ተሻለ መስመር" ነው። ጄኔራሎቻችን እንደየደጋፊነታቸው አንዱን ይሸመድዳሉ፣ በሌላው ይስቃሉ።

ማክሰኞ ዕለት ታዲያ የቤቱ ባለቤት የዱቤ ደብተሯን ይዛ መጣች። የብስኩቱ ጄኔራል 14 ሻይና 6 ብስኩት አለበት፣ የሰጠሙትን ጨምሮ። ጠዋት ሬሳ በሺህ ሲያባዛ የነበረው ሰውዬ አሁን በጣቱ ቆጠረና "አራት አይሆንም?" አለ። ከዚያ ያልጠራ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም" እያለ በጓሮ በር ወጣ።

"ሸሸ እኮ!" አለች።

"ኧረ አልሸሸም እትዬ፣ ወደ ተሻለ መስመር ነው" አላት ጓደኛው፣ እሷ የእሱን የዱቤ ገጽ ሳትገልጥ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ እያነሳ።