ዶክተር ማት ቀሚሳቸውን ለምን አወለቁ?

በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ በር ለዓመታት ስገባና ስወጣ፣ ግቢውን መጀመሪያ የመራው ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ጃንሆይ እንደከፈቱት ካወቅሁ በቂ መስሎኝ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን በ1943 ዓ.ም. የጀመሩት ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ካህን መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ካህንነታቸው ደግሞ በጀስዊት፣ ማለትም በኢየሱሳውያን የካቶሊክ ማኅበር።

ጀስዊት ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣብን አፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ ካቶሊክነትን በአዋጅ አስፋፋለሁ ብለው አገር በደም ታጠበ፤ በመጨረሻም «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ፤ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ማኅበር ከውጭ ጠርቶ ልጅ አስተምሩልኝ ማለት ቀላል ድፍረት አልነበረም። ግን ጣሊያን ከየካቲት 12 በኋላ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ፈጅቶት ነበር። መምህር ከየት ይምጣ? ካናዳ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም፤ ይህ ሚዛን የሚደፋ ነገር ይመስለኛል።

ማትና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1945 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ። ውሉ ግልጽ ነበር፤ የካህን ቀሚስ አይለበስም፣ ሃይማኖት አይሰበክም። ስለዚህ ተማሪው የሚያየው ኮትና ከረባት የለበሰ ፈረንጅ ነው፤ የሚጠራቸውም «አባ» ብሎ ሳይሆን «ዶክተር ማት» እያለ ነው። ተደብቀው ገቡ የሚል ካለ አልስማማም። ማን እንደሆኑ የጠራቸው ያውቃል፤ እርሳቸውም ለምን እንደተጠሩ ያውቃሉ። ለስብከት የመነኮሰ ሰው ስብከቱን ትቶ የመማሪያ ክፍል ሲያደራጅ መኖር፣ ለእኔ ከባዱ ምንኩስና ነው።

ወቀሳ የለባቸውም አልልም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ቅኔ ቤት ለዘመናት ያካበተውን ዕውቀት ኮሌጁ ደጅ አስቀርቶታል የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ነገር ግን የአገሩን የትምህርት መንገድ ይጠርግ የነበረው የአገሩ መንግሥት እንጂ ተቀጥሮ የመጣ እንግዳ አይደለም። ደግሞስ ያ ጥብቅ የተባለ ግቢ ምን ዓይነት ተማሪ አፈራ? በኮሌጅ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ የድሃውን ብሶት በግጥም የሚያሰማ ተማሪ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ተማሪዎቹ መፈክር ይዘው ለዐማፅያኑ ድጋፍ አደባባይ ወጡ። ፈሪ አላሳደጉም።

ከሙከራው በኋላ ጃንሆይ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ኮሌጁን ከባዶ ያነሡት ማት ግን በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት አልተሾሙም። በቀጣዩ ዓመት ወንበሩን ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ያዙት፤ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፣ ገና ወጣት።