የእንጀራው ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ይቀራል

ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ሊጥ የማይቦካበት ሰፈር የለም። «እንጀራችን ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት) ነው፤ አንጀትንም አእምሮንም ያክማል» ሲባል ግን ግማሹ ስህተት ነው። ሊጡን ሁለት ሦስት ቀን ያብላሉት ባክቴሪያዎች የጋለ ምጣድ ላይ ያልቃሉ። ሆዳችን የሚገባው ሬሳቸው ነው።

እውነቱ ያለው አሰሩ ላይ ነው። ትንሹ አንጀት ያልፈጨውን የጤፍ፣ የምስርና የሽሮ አሰር የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያወጣሉ። ጂኖች የተጻፉበት ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የሚጠቀለለው ፈትል እንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል ነው፤ ሲጠብቅ ጂኑ አይነበብም፣ ሲላላ ይነበባል። የሚያላላው አሴቲል የተባለ ምልክት ሲሆን፣ ምልክቱን የሚነቅሉ ኢንዛይሞች አሉ። ቡቲሬት እነዚህን ኢንዛይሞች ያግዳል። ጂኑ ሳይለወጥ ንባቡ ይለወጣል ማለት ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ቡቲሬት የአንጀት ግድግዳና ጉበት ስለሚጨርሱት፣ አንጎል የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ ከባክቴሪያ ፍጹም ነፃ ሆነው ያደጉ አይጦች መላወሻ ሲያጡ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ ይበልጥ አሻቀበ። ባክቴሪያው በልጅነታቸው ሲሰጣቸው ልዩነቱ ጠበበ፤ ካደጉ በኋላ ሲሰጣቸው ግን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ላክቶባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ አንድ ዝርያ የተመገቡ አይጦች አንጎል ውስጥ ጋባ ለተባለው ኬሚካል ተቀባይ የሚሠሩ ጂኖች ንባብ ተለወጠ፣ ፍርሃታቸውም ቀነሰ። ከአንጀት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ቬገስ ነርቭ ሲቆረጥ ለውጡ ጠፋ።

የፕሮባዮቲክ እንክብል ሻጮች ወሬውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ያው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2017 ጤናማ ወንዶች ላይ ሲሞከር በጭንቀታቸውም ሆነ በማስታወስ ችሎታቸው ከባዶ እንክብል የተለየ ነገር አላሳየም። ስለዚህ ለእንክብል ከሚወጣው ብር ይልቅ የጾም ወጡን እመርጣለሁ፤ ለጉንፋን ፀረ-ባክቴሪያውን አሞክሲሲሊን መዋጥንም እቃወማለሁ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ መድኃኒቱ ቫይረሱን ሳይነካ የአንጀቱን ባክቴሪያ ያጠቃል።

ሕያው ባክቴሪያ ለሚፈልግ እርጎ አለ፤ ከጥሬ ወተት ግን መርጋት የለበትም። ብሩሴላ የተባለው በሽታ አምጪ ጀርምና የከብት ነቀርሳ በእርጎው ኮምጣጣነት ይሞታሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ወተቱ ይፍላ። የሱሉልታ ከፍታ ውኃን ከ100 ዲግሪ በታች ቢያፈላም፣ ሙቀቱ ለእነዚህ ጀርሞች ይበቃል። ከዚያ ጣት እስኪችለው፣ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ይቀዝቅዝና ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ተጨምሮበት በጋቢ ተጠቅልሎ ይደር። ትኩስ ወተት ላይ የተጨመረ እርጎ ባክቴሪያው ስለሚሞት ወተቱ ሳይረጋ ያድራል፤ በሐምሌ ብርድ ጋቢው ከተረሳም ይዘገያል። ብዙ ቤት የሚሳተው ግን ሌላ ነው፦ ለእርሾ የተጨመረው እርጎ ራሱ ከጥሬ ወተት የረጋ ከሆነ፣ ወተቱ መፍላቱ ከንቱ ነው።